ቻይናና አሜሪካ ከሲያትል ወደብ ሲታዩ

ከሲያትል ወደብ ተነሥቶ የጃክሰን ጎዳናን ወደ ምሥራቅ ሽቅብ የያዘ ሰው መጀመሪያ የቻይናውያንን ሰፈር ያገኛል። ቀጥሎ የቬትናሞች ሱቆች ይመጣሉ። ዳገቱን ጨርሶ ወደ ቼሪ ጎዳና ሲታጠፍ ደግሞ የእኛ ሰዎች ምግብ ቤቶችና እንጀራ የሚሸጥባቸው መደብሮች ይቀበሉታል። እዚያ ቡና ላይ ከሚነሡት ክርክሮች አንዱ የቻይናና የአሜሪካ ነገር ነው። አንዱ መንገዱን፣ ባቡሩንና ፎቁን ቆጥሮ ለቻይና ይሟገታል፤ ሌላው ምርጫንና ፍርድ ቤትን ጠርቶ ለአሜሪካ ይቆማል። ሁለቱም እውነት ይዘዋል። እኔን የሚቆጨኝ ከዚያው ጎዳና ግርጌ የተፈጸመው ታሪክ በክርክሩ ውስጥ ሲነሣ አለመስማቴ ነው። አገርን ከአገር ሳወዳድር የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ ሰው ሲበደል አቤት የሚለው በማን ደጅ ነው? የሲያትል ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ከ160 ዓመት በላይ የፈጀ መልስ ይሰጣል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቺን ቹን ሆክ በ1860 ሲደርስ ሲያትል በአንድ የጣውላ መሰንጠቂያ ዙሪያ የተሰበሰበች መንደር ነበረች። የመጀመሪያው ቻይናዊ ነዋሪዋ እሱ ነው። በ1868 ዋ ቾንግ የተባለውን ንግድ ቤት ከፈተ፤ ዕቃ ከመሸጥ አልፎ ለአሠሪዎች ሠራተኛ ያቀርብ ነበር። በኋላ ሸሪኩ የሆነው ቺን ጂ ሂም በዚሁ ሥራ ስሙ ገነነ። ለባቡር ሐዲድ፣ ለከሰል ማዕድንና ለዓሣ ማሸጊያ ሰው ሲፈለግ የሚጠየቁት እነሱ ነበሩ። በዚያው በ1868 ሁለቱ መንግሥታት የበርሊንጌምን ውል ተፈራርመው ነበር። ውሉ የአንዱ አገር ሰው በሌላው አገር በነጻ እንዲገባና እንዲወጣ ይፈቅዳል።

አብዛኞቹ የመጡት ከደቡብ ቻይና፣ ከጓንግዶንግ አውራጃዎች ነው። ጦርነትና የመሬት ጥበት አስወጥቷቸው ለቤተሰብ ገንዘብ ለመላክ የተሰደዱ ወንዶች ነበሩ። ከመካከላቸው አንዱ በባዕድ አገር ሲሞት ወገኖቹ አዋጥተው ዐፅሙን ወደ ትውልድ መንደሩ ይመልሱ ነበር። አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ እድርተኛው ሲያዋጣ ላየ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የሚያሳዝነው ግን በሁለቱም በኩል ደጅ አልነበራቸውም። የቺንግ ነገሥታት ሕግ አገሩን ጥሎ የወጣን ሰው እንደ ከዳተኛ ይቆጥር ነበር፤ ያ ክልከላ የተነሣው በ1893 ነው። አሜሪካ ደግሞ ጉልበታቸውን እንጂ ዜግነታቸውን አልፈለገችም። በ1882 ኮንግረስ ያወጣው ሕግ ቻይናውያን የጉልበት ሠራተኞች ለአሥር ዓመት እንዳይገቡ ከለከለ። ቀድመው የገቡትም ዜጋ መሆን እንዳይችሉ አደረገ። ዜጋ ያልሆነ አይመርጥም፤ የማይመርጥን ሰው ደግሞ ሹም አይሰማውም።

በ1883 ወደ ምዕራቡ ጠረፍ የሚደርሰው ታላቁ የባቡር መስመር ተጠናቀቀ። ሐዲዱን የዘረጉት ቻይናውያን ሥራ ፈቱ፤ ነጮቹም እንዲሁ። ኑሮ ሲጠብ ጣት መቀሰር ተጀመረ። በመስከረም 1885 በዋዮሚንግ ሮክ ስፕሪንግስ ቢያንስ 28 ቻይናውያን የከሰል ሠራተኞች ተገደሉ። በዚያው ወር ከሲያትል በስተምሥራቅ እንደ ጌሾ ለመጠጥ የሚያገለግለውን፣ ለቢራ የሚሆነውን ሆፕ የሚለቅሙ ሦስት ቻይናውያን በድንኳናቸው ውስጥ በጥይት አለቁ። ኅዳር 3 ቀን 1885 ደግሞ የታኮማ ከተማ ከንቲባ ያሉበት ብዙ ሕዝብ ቻይናውያኑን በዝናብ እየነዳ ከከተማ አስወጣ፤ ቤታቸውም ተቃጠለ። በታኮማ ባለሥልጣኑና አባራሪው አንድ ሰው ነበሩ። በሲያትል የሆነው ከዚህ ይለያል፤ ልቆይበት የምፈልገውም እዚህ ላይ ነው።

የካቲት 7 ቀን 1886 እሑድ ጠዋት ነው። ተደራጅተው የመጡ ሰዎች በቻይናውያን ሰፈር ቤት ለቤት እየገቡ፣ ዕቃችሁን ጠቅልሉ፣ መርከብ ይጠብቃችኋል አሉ። ወደ 350 የሚሆኑ ሰዎች ኩዊን ኦፍ ዘ ፓሲፊክ የተባለችው መርከብ ወደቆመችበት ወደብ ተነዱ። ካፒቴኑ ያልከፈለ አላሳፍርም ሲል አባራሪዎቹ ከየሰው መዋጮ ሰበሰቡ፤ ለአንድ ሰው 7 ዶላር። ሰውን ከቤቱ ለማስወጣት ገንዘብ የሚያዋጣ ሕዝብ ማሰብ ይከብዳል፤ ግን ሆኗል።

የግዛቱ ዋና ዳኛ ሮጀር ግሪን በዚያው ዕለት እኛ አገር አካልን ነጻ የማውጣት ትእዛዝ የምንለውን ጻፉ። ትእዛዙ ካፒቴኑ የያዛቸውን ሰዎች ችሎት እንዲያቀርብ ያስገድዳል። በማግስቱ ጠዋት ቻይናውያኑ በጠባቂ ታጅበው ፍርድ ቤት ቀረቡ። ዳኛው በአስተርጓሚ፣ መቆየት የሚፈልግ ሕግ ይጠብቀዋል፣ መሄድ የሚፈልግም በነጻ ፈቃዱ ይሂድ አሏቸው። አያቶቻችን ተጣልተው ቢላ የመዘዙትን ሁለት ሰዎች "በሕግ አምላክ!" ብለው ሲያቆሙ የነበረው ሥልጣን በዚያ ችሎት ለአንድ ጠዋት ታይቷል። ሆኖም አብዛኞቹ መሄድን መረጡ። ውጭ የቆመውን ሕዝብ እያዩ ሌላ ምን ይምረጡ? መርከቧ የምትችለው 196 ሰው ነበርና ያንኑ ጭና ሄደች። የቀሩትን የከተማው ዘብ ወደ ቤታቸው ሲመልስ ከሕዝቡ ጋር ተጋጨ፤ ተኩስ ተከፈተ፣ ከአመፀኞቹ አንዱ ሞተ፣ ሌሎች ቆሰሉ። አገረ ገዥው ዋትሰን ስኳየር ከተማዋን በወታደራዊ አዋጅ ሥር አዋሉ፤ ፕሬዚዳንት ክሊቭላንድም የፌዴራል ጦር ላኩ።

እውነቱን ሙሉ ለመናገር፣ ለሕግ የቆሙት ሁሉ ለቻይናውያን የቆሙ አልነበሩም። ብዙዎቹ ቻይናውያኑ ከከተማዋ እንዲሄዱ ይፈልጉ ነበር፤ ጠባቸው በአወጣጡ ላይ ነው። ለፍርድ የቀረቡት የሁከቱ መሪዎችም በጁሪ ፊት ነጻ ወጡ። ጁሪው የተመረጠው ከዚያው ከከተማው ሕዝብ ነበር። በተከታዮቹ መርከቦች የቀሩት ቻይናውያን አብዛኞቹ ሄዱ። በምዕራቡ ምድር ለደረሰው ጥፋት ሁሉ ኮንግረስ በ1888 ለቻይና መንግሥት 276,619 ዶላር ከ75 ሳንቲም ከፈለ፤ ኃላፊነቱን ሳይቀበል። ከአሜሪካ ሥርዓት ውስጥ ከፍ ያለውም ዝቅ ያለውም በዚያ አንድ ወር ታይቷል። ዳኛው ከሕዝቡ ይሻላል፤ ዳኛው ብቻውን ግን አይበቃም። ቻይና በበኩሏ በኦፒየም ጦርነቶች የተዋረደች፣ የተበደሉ ልጆቿን ደብዳቤ ከመጻፍ በቀር የምታድንበት ክንድ ያልነበራት አገር ነበረች። የዛሬዎቹ የቤይጂንግ መሪዎች ስለ ውርደት ዘመን ደጋግመው የሚያወሩት የዚያ ዘመን ቁስል ስላልሻረ ነው።

ቺን ጂ ሂ ግን ከሲያትል አልወጣም። በ1889 ከተማዋ በእሳት ጋየች፤ እሱ ሠራተኞችን እያቀረበ እንደገና ስትሠራ ተካፋይ ሆነ። አሜሪካ ለዓመታት ያስተማረችው የባቡር ሥራ ነው፤ ያንን ይዞ በ1905 ወደ ትውልድ አውራጃው ተመለሰ። በውጭ ካሉ ወገኖቹ ገንዘብ አሰባስቦ፣ ያለ ባዕድ ካፒታልና ያለ ባዕድ መሐንዲስ የሱን ኒንግን የባቡር ሐዲድ ዘረጋ። በዚያን ጊዜ በቻይና ያሉት ሐዲዶች የሚበዙት በአውሮፓውያን ብድር የተያዙ ነበሩ። የተባረሩት ሰዎች አገራቸውን ጠንካራ ለማድረግ የፈለጉት ለምን እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር አላውቅም።

ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣውን ሰው ከሲያትል ነዋሪ ብዙው አያውቀውም። ዎንግ ሱ በ1893 ቤይጂንግ ተወልዶ፣ በመንግሥቱ ተልኮ እንግሊዝ ተምሮ፣ በ1916 ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በአውሮፕላን ምሕንድስና ተመረቀ። ዊልያም ቦይንግ የሚባል የጣውላ ነጋዴ በሲያትል ሐይቅ ዳር አውሮፕላን ለመሥራት ሲነሣ፣ በሙያው የሠለጠነ የመጀመሪያው መሐንዲሱ አድርጎ የቀጠረው እሱን ነው። ዎንግ ሱ የነደፈውን ሞዴል ሲ የአሜሪካ ባሕር ኃይል 50 አዘዘ፤ ክፍያው 575,000 ዶላር። ኩባንያው ያተረፈበት የመጀመሪያ አውሮፕላን ይኸው ነው። ሕጉ ግን ዜጋ እንዲሆን አይፈቅድለትም። በ1917 ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በፉጂያን ግዛት የቻይናን የመጀመሪያ የአውሮፕላን ፋብሪካ ካቋቋሙት አንዱ ሆነ።

በ1924 አሜሪካ በሯን ይበልጥ አጠበበች። አዲሱ ሕግ ለየአገሩ የዓመት ኮታ ሲመድብ ለኢትዮጵያ የደረሳት 100 ሰው ነው። ይህን ቁጥር የምጠቅሰው ዛሬ በዲቪ ዕጣ የመጣነው ሰዎች የቻይናውያኑን ታሪክ እንደ ሌላ ሰው ታሪክ እንዳንሰማው ነው። በ1943 ቻይና በጦርነቱ የአሜሪካ አጋር በመሆኗ የ1882ቱ ሕግ ተሻረ፤ የሻሪው ሕግ አቅራቢ የሲያትል የሕዝብ እንደራሴ የነበሩት ዋረን ማግነሰን ናቸው። ቻይናውያን ዜግነት እንዲያገኙ ተፈቀደ። ለመግባት የተሰጣቸው ኮታ ግን በዓመት 105 ሰው ነበር። የኮታው ሥርዓት እስከ 1965 ቆየ።

ዊንግ ሉክ በጓንግዡ አቅራቢያ ተወልዶ በሕፃንነቱ ሲያትል የመጣ ልጅ ነው። ወላጆቹ ልብስ አጥበው አሳደጉት፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመተ፣ ተሸለመ፣ ሕግ ተማረ። በ1962 ለከተማው ምክር ቤት ተመረጠ። 76 ዓመት ቀደም ብሎ ቻይናውያን በተነዱባት ከተማ የቻይናዊ ልጅ በድምፅ ወንበር አገኘ። የታገለለት ዋናው ጉዳይ ቤት ነበር። በዚያን ዘመን ጥቁርም እስያዊም ቤት የሚከራየውና የሚገዛው በተወሰነ ሰፈር ብቻ ነው። በመጋቢት 1964 ይህን መድልዎ የሚከለክለው ሐሳብ ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ ከሁለት እጅ በላይ በሆነ ብልጫ ወደቀ። ዊንግ ሉክ በግንቦት 1965 በትንሽ አውሮፕላን ሲበር ጠፋ፤ ስብርባሪው ከሦስት ዓመት በኋላ ተገኘ። ሕጉን የከተማው ምክር ቤት ያጸደቀው በሚያዝያ 1968፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ ከተገደሉ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። እኛ ዛሬ በፈለግነው ሰፈር ኪራይ የምንጠይቀው በዚህ ሰውና በጓደኞቹ ድካም ላይ ቆመን ነው። በቻይና ሰፈር በስሙ የተሰየመው ሙዚየም ልጆቻችንን የምንወስድበት ቦታ እንዲሆን እመኛለሁ።

ዊንግ ሉክ ድምፅ በሚለምንበት በ1962 ቻይና በታላቁ ወደፊት ግስጋሴ ዘመቻ ከደረሰባት ረሃብ ገና መውጣቷ ነበር። ሹማምንት የሌለ ምርት እየመዘገቡ፣ ማንም እውነቱን ለበላዩ ለመናገር ሳይደፍር፣ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ። በዚያ አገር የአቤቱታ ደጅ ሲዘጋ የሚያስከፍለው ዋጋ ይህን ያህል ነው። በእኛ አቆጣጠር የ1966ቱ ረሃባችን እንዴት እንደተደበቀ የሚያስታውስ ኢትዮጵያዊ ነገሩ አይጠፋውም።

ከዚያ የንግድ ዘመን መጣ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ቦይንግ ትእዛዝ አጣና ከ100,000 በላይ የነበረው ሠራተኛው በ1971 ወደ 38,000 ወረደ። በአየር ማረፊያው አጠገብ፣ ከሲያትል የመጨረሻው ወጪ መብራቱን እንዲያጠፋ የሚማፀን ማስታወቂያ ተሰቀለ። በዚያው ዓመት ጥቅምት አፄ ኃይለ ሥላሴ ቤይጂንግ ገብተው ከማኦ ጋር ተገናኙ፤ ኒክሰን የሄዱት ከእሳቸው በኋላ፣ በየካቲት 1972 ነው። ከኒክሰን ጉዞ በኋላ ቻይና ከቦይንግ አሥር 707 አውሮፕላኖችን አዘዘች። ከ1962 ጀምሮ የሲያትልን ጄት ያበር የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድም በ1973 ወደ ቻይና መብረር ጀመረ።

በየካቲት 1979 ዴንግ ዢያዎፒንግ የአሜሪካ ጉብኝታቸውን የጨረሱት በሲያትል ነው። ኤቨረት ወዳለው የቦይንግ ፋብሪካ ሄደው 747 ሲገጣጠም አዩ። የሚከተሉት መንገድ ግልጽ ነበር፤ ከአሜሪካ መሣሪያውንና ዕውቀቱን መውሰድ፣ የፓርቲውን ሥልጣን ግን ማንም እንዳይነካ ማድረግ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 18 ቀን ሊዩ ሊን ሃይ የተባለች የቻይና መርከብ በቆሎ ልትጭን በሲያትል 91ኛው የወደብ ድልድይ ቆመች። በ30 ዓመት ውስጥ አሜሪካ የደረሰች የመጀመሪያዋ የኮሚኒስት ቻይና መርከብ ናት። በ1886 ሰው ተጭኖ ከወጣበት የባሕር ወሽመጥ አሁን እህል ተጭኖ ወጣ።

ጌሪ ሎክ የተወለደው በ1950 ነው፤ የልጅነቱን መጀመሪያ ያሳለፈው ከጃክሰን ጎዳና በላይ ባለው የየስለር ቴራስ የመንግሥት ቤቶች ውስጥ ነው። አያቱ በኦሊምፒያ ከተማ እንግሊዝኛ ለመማር ሲሉ በሰው ቤት አሽከር ሆነው ሠርተዋል። ያ ቤት ከአገረ ገዥው መኖሪያ የአንድ ማይል መንገድ አይርቅም። ሎክ በ1996 የዋሽንግተን ግዛት አገረ ገዥ ሆነው ሲመረጡ በመላው አሜሪካ የመጀመሪያው ቻይናዊ አሜሪካዊ አገረ ገዥ ሆኑ። ያቺን አንድ ማይል ለመሄድ ለቤተሰባቸው መቶ ዓመት እንደፈጀ ሲናገሩ ይሰማሉ።

በነሐሴ 2011 አምባሳደር ሆነው ወደ ቤይጂንግ ሊበሩ ሲሉ በሲያትል አየር ማረፊያ ተሰልፈው ቡና ሲገዙ አንድ ተጓዥ ፎቶ አነሣቸው፤ ቦርሳቸው በጀርባቸው፣ ትንሽ ልጃቸው ከጎናቸው። ፎቶው በቻይና ማኅበራዊ ሚዲያ እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። አጃቢ የለም፣ ዕቃ ተሸካሚ የለም፣ የሚከፍሉትም ከኪሳቸው ነው። በሺህ የሚቆጠር ሰው የራሱን ሹማምንት እያሰበ ጻፈ። አንድ የመንግሥት ጋዜጣ ግን የሕዝቡን ልብ ለመስረቅ የተሸረበ ሤራ አድርጎ አየው። እንደ ኢትዮጵያዊ ነገሩ ይገባኛል፤ ሹም ሲመጣ ሁሉ ብድግ በሚልበት፣ ቦርሳውን ሌላ ሰው በሚይዝለት አገር አድገናል። ሰው በዚያ ፎቶ የተደነቀው ሎክን ሲያይ ስለ ራሱ ሥርዓት ስለጠየቀ ነው። በ2014 ሥራቸውን ሲለቁ አንድ የመንግሥት ዜና አገልግሎት ውጭው ቢጫ ውስጡ ነጭ ሙዝ ብሎ ሰደባቸው። ደም ያስተሳሰረው ሰው ለደሙ አገር ማደር አለበት ከሚል እምነት የወጣ ስድብ ነው።

በእነዚያው ዓመታት ሁለቱም አገሮች በእኛ ደጅ ነበሩ። በጥር 2012 በቻይና ስጦታ የታነጸው የአፍሪካ ኅብረት ሕንጻ አዲስ አበባ ላይ ተመረቀ፤ በነሐሴ የመጀመሪያው ድሪምላይነራችን ከኤቨረት ተነሥቶ ቦሌ አረፈ። መስከረም 20 ቀን 2015 የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሥራ ጀመረ። ከሁለት ቀን በኋላ ዢ ጂንፒንግ ሲያትል ገቡ፤ የ300 አውሮፕላን ስምምነት ይፋ ሆነ። በማግስቱ ወደ ታኮማ ሄደው የሊንከን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትን ጎበኙ፤ 100 ተማሪዎችንም ወደ ቻይና ጋበዙ። ቻይናውያን በዝናብ የተነዱባት ታኮማ በ1993 በምክር ቤቷ በኩል በይፋ ይቅርታ ጠይቃ፣ በባሕሩ ዳር የቻይናውያን የዕርቅ መናፈሻ ሠርታ ነበር። አንድ ከተማ በራሱ ምክር ቤት በደሌ ይህ ነው ሲል አከብረዋለሁ። በቤይጂንግ የ1989ኙን የቲያናንመን ሟቾች ስም በአደባባይ መጥራት ዛሬም ያሳስራል።

መጋቢት 10 ቀን 2019 እሑድ ነበር። ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የበረራ ቁጥር 302 በስድስት ደቂቃ ውስጥ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ፤ 157 ሰው ሞተ። ከተሳፋሪዎቹ ስምንቱ ቻይናውያን፣ ስምንቱ አሜሪካውያን ናቸው፤ ኢትዮጵያውያኑ ዘጠኝ። አውሮፕላኑ 737 ማክስ፣ የተገጣጠመው ብዙ ኢትዮጵያዊ በሚኖርባት በሬንተን ነው። የቻይና ሲቪል አቪዬሽን በማግስቱ ጠዋት ማክስን በሙሉ ከበረራ አገደ፤ በዓለም ማንም አገር አልቀደመውም። አሜሪካ ለማገድ የሚያበቃ ምክንያት የለም ስትል ቆይታ ያገደችው መጋቢት 13 ነው። በእነዚያ ሦስት ቀናት በሲያትል ያለን ሰዎች ለቻይና ፍጥነት አመስግነናል፤ ማመስገንም ይገባን ነበር።

ከዚያ ሌላው ገጽ መጣ። በጥቅምት 2019 የቦይንግ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ዴኒስ ሙሊንበርግ በሁለት ተከታታይ ቀናት በኮንግረስ ፊት ተቀምጠው ተመረመሩ። ከኋላቸው የሟቾች ቤተሰቦች የልጆቻቸውን፣ የእኅቶቻቸውንና የወንድሞቻቸውን ፎቶ ከፍ አድርገው ቆመው ነበር። የአውሮፕላኑን የአፍንጫ አቅጣጫ የሚያስተካክለው አውቶማቲክ ሥርዓት በአንድ መለኪያ ብቻ እንደሚመራ፣ ለአብራሪዎችም በመመሪያቸው እንዳልተነገራቸው በአደባባይ ተዘረዘረ። ሙሊንበርግ በታኅሣሥ ከሥራ ተነሡ፤ በመስከረም 2020 የኮንግረሱ ኮሚቴ ኩባንያውንም የራሱን መንግሥት ተቆጣጣሪም የሚከስ ሪፖርት አወጣ።

መጋቢት 21 ቀን 2022 በደቡብ ቻይና፣ በጓንግሺ ተራሮች ላይ የቻይና ኢስተርን 737-800 አውሮፕላን ከሰማይ ቁልቁል ተምዘግዝጎ 132 ሰው ሞተ። ሠራተኞች በብዙ መቶ ሆነው ጭቃውን ቆፈሩ፤ ሁለቱም ጥቁር ሣጥኖች በቀናት ውስጥ ተገኙ። በሚያዝያ አጭር የመጀመሪያ ሪፖርት ወጣ። የሟቾች ቤተሰቦች የተሟላውን ሪፖርት ጠበቁ፤ ፎቶ ይዘው የሚቆሙበት ምክር ቤት አልነበረም። አደጋው በደረሰ በሁለተኛ ዓመቱ፣ በመጋቢት 2024፣ መሥሪያ ቤቱ ምርመራው እንደቀጠለ የሚገልጽ አጭር መግለጫ አወጣ።